የጃፓኖችን የብርድ ወራት የዱባ ማባያ በባሕር ዳር ዱባ ለጾም መሥራት ይቻላል?

የሽምብጥ ነዋሪ፦

ጤና ይስጥልኝ፤ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች እንደምን ሰነበታችሁ? የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው። ባለቤቴ በፎገራ የሩዝ ልማት ሥራ ላይ ስለተሰማራ፣ ከእርሱ ጋር የሚሠሩ አንድ ጃፓናዊ ባለሙያ ቤታቸው ጠርተውን ከሩዙ ጎን በትንንሽ ጎድጓዳ ሳህን ያቀረቡትን የዱባ ምግብ ቀምሰን ነበር። እኛ ዱባን የምናውቀው በወጥ ውስጥ ሟሙቶ ወይም እንዲሁ በውሃ ተቀቅሎ ነው። ያኛው ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ጠርዙ ሳይሸራረፍ ራሱን ችሎ የተቀመጠ፣ ሹካ ሲነካው ወዲያው የሚከፈል፣ ጣፋጭና ጨዋማ ጣዕሙ እስከ ውስጡ የዘለቀ፣ ከሥሩም ሁለት ማንኪያ የማይሞላ ቡናማ መረቅ ብቻ የቀረለት ነበር። ስሙ ካቦቻ ኖ ኒሞኖ እንደሚባል፣ በአገራቸው በብርድ ወራት የተለመደ ማባያ እንደሆነና በተለይም ሌሊቱ ከዓመቱ ሁሉ በሚረዝምበት ዕለት በብዙ ቤት እንደሚሠራ አጫወቱን። ያ ዕለት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 12 ወይም 13 ገደማ የሚውል ስለሆነ በነቢያት ጾም መካከል ይገባል፤ በመሆኑም ዘንድሮ ለጾም ማዕዳችን ልሠራው አስቤያለሁ።

ከመጀመሬ በፊት ግን ልምዱ ያላችሁ እንድታግዙኝ እፈልጋለሁ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ዱባው ነው። ባለሙያው የሠሩት ዘሩን ከአገራቸው አምጥተው በጓሯቸው ባበቀሉት፣ ቅርፊቱ ጥቁር አረንጓዴ በሆነ፣ ትንሽና ደረቅ ዱባ ሲሆን፣ እኔ ቅዳሜ ገበያ የማገኘው ግን ተለቅ ያለውንና ብዙ ጊዜ ውሃ የሚበዛውን የአገራችንን ዱባ ነው። ሌላው መረቁ ነው፤ ዳሺ የሚሉት መሠረቱ ከደረቀ ዓሣ እንደሚወጣ ሰምቻለሁ፤ አብረውን የሚኖሩት አማቴ ደግሞ በጾም ዓሣ አይቀምሱም። ሚሪንና ሳኬ የተባሉትን የሩዝ መጠጦችም በከተማችን ሱቆች አላየሁም፤ ሶያ ሶስ ግን በየሱፐርማርኬቱ አለ። እነዚህን በምን ልተካቸው? መጠኑንና የእሳቱንም ነገር ጨምራችሁ ብታብራሩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የምፈልገው ከቀመስነው ጣዕም ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው፤ ስሙ የጃፓን ሆኖ የዱባ ወጥ እንዲሆንብኝ አልፈልግም።

ከሆካይዶ የተመለሰ፦

እህቴ፣ ጥያቄዎን ያነበብኩት በታላቅ ደስታ ነው። ለትምህርት በሰሜን ጃፓን ባለችው የሆካይዶ ደሴት በቆየሁባቸው ዓመታት ከዚህ ምግብ የበለጠ የወደድኩት የአትክልት ማባያ አልነበረም፤ ወደ ባሕር ዳር ከተመለስኩ በኋላም በብርዱ ወራት ከቤቴ አይጠፋም፤ የምሠራውም በዚሁ በገበያችን ዱባ ነው።

በዱባው ምክንያት ወደኋላ አይበሉ። ዱባ ወደ ጃፓን የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በፖርቱጋል መርከቦች ሲሆን፣ ያ ቀድሞ የገባው ዝርያ ሥጋው ልስልስ፣ እርጥበቱ የበዛና ጣፋጭነቱም መጠነኛ ነበር። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው ደረቁና ጣፋጩ ዓይነት ከአሜሪካ የመጣው ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የሆካይዶ ቀዝቃዛ አየር ስለተስማማው ደሴቲቱ እስከ ዛሬ ከአገሪቱ ሁሉ የላቀውን ምርት ታመርታለች። ይህ ማለት የጃፓን እናቶች ለብዙ ዘመናት ዱባ ሲያበስሉ የኖሩት ከእኛው ጋር በሚቀራረብ እርጥብ ዱባ ነው፤ በኪዮቶ ወገቡ እንደ ቅል የጠበበው ሺሺጋታኒ የተባለው ነባር ዱባ ዛሬም በዚሁ አሠራር ይበስላል። እንዲያውም በቶሎ የሚፈርሰው ደረቁ ዱባ ነው፤ ስታርቹ የበዛ በመሆኑ እሳት ትንሽ ሲበዛበት ጠርዙ ይረግፋል። እርጥቡ ቅርጹን ይይዛል፣ ግን ጣዕሙ ቀጠን ይላል። ስለዚህ ከአገራችን ዱባ ጋር የሚለወጠው ነገር ውሃውን መቀነስና ስኳሩን ጥቂት ከፍ ማድረግ ብቻ ነው።

ሲገዙ ሙሉውን ይግዙ እንጂ ተቆርጦ የዋለውን አይምረጡ። እንጨቱ፣ ማለትም ከሐረጉ ጋር የተያያዘበት ጉቶ፣ ደርቆና ጠንክሮ ቡሽ የመሰለ መሆን አለበት፤ አረንጓዴና ለስላሳ ከሆነ ያለ ጊዜው የተቀጠፈ ነው። ቅርፊቱን በጥፍርዎ ሲጫኑት ምልክት የማይዝ፣ በእጅ ሲያነሱት ደግሞ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ይሁን። ተቆርጦ የቀረበውን መግዛት ግድ ከሆነብዎ፣ የውስጡ ቀለም ወደ ብርቱካንማ የጠለቀውንና ፍሬው ሞላ ሞላ ያለውን ይምረጡ። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ጃፓኖች ዱባውን በሞቃቱ ወራት መጨረሻና በመኸር ሰብስበው እስከ ብርዱ ወራት የሚያቆዩት ለቁጠባ ብቻ ብለው አይደለም፤ ዱባ ከተቀጠፈ በኋላ ሲቀመጥ በውስጡ ያለው ስታርች ቀስ በቀስ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ጣዕሙ ይሻሻላል። ትኩስ አትክልት በሚጠፋበት የብርድ ጊዜ ተቀምጦ የሚገኝ ብርቱ ምግብ ስለነበረ ነው በረጅሙ ሌሊት ዕለት የሚበላውን ሰው ጉንፋን አይነካውም የሚሉት። በጥቅምት የተሰበሰበ የእኛ ዱባም ነፋሻና ደረቅ በሆነ ጥላ ሥር ከተቀመጠ ለታኅሣሥ በደንብ ይደርሳል፤ መሬቱ እርጥብ ከሆነ ግን ከሥሩ ጭድ ወይም ሳንቃ ያድርጉለት።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ግማሽ ኪሎ የተጣራ ዱባ ይዘው ክር ክር የሚለውን ውስጡን በማንኪያ ጠርገው ያውጡ፤ ከዚያም አራት ሳንቲ ሜትር በሚሆን ስፋት፣ ሁሉንም በተመሳሳይ መጠን ይቁረጡ። የጃፓኑ ዱባ ቅርፊት ሲበስል ስለሚለሰልስ አብሮ ይበላል፣ ቁራጩንም አቅፎ ይይዘዋል። የእኛው ቅርፊት ቀጭን ከሆነ እዚህም እዚያም በቢላ ቀርፈፍ ቀርፈፍ አድርገው ከፊሉን ይተዉት፤ ወፍራምና ጠንካራ ከሆነ ግን ፈጽሞ አንስተው ቁራጩን በጥቂቱ ተለቅ ያድርጉት። ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የእያንዳንዱን ቁራጭ ሹል ጠርዝ በቢላ ስስ አድርገው ይላጉት። ሲበስል እርስ በርሱ ተጋጭቶ የሚፈርሰው ያ ሹል ጠርዝ ነውና፣ የፈረሰውም መረቁን ያደፈርሰዋል። የተላገውን ፍርፋሪ ለሾርባ ማዋል ይቻላል።

ዱባውን ድስቱ ውስጥ ከማስቀመጥዎ በፊት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው ነስንሰውበት ለግማሽ ሰዓት ይተዉት። ስኳሩ ከዱባው ውስጥ ውሃ ስቦ ሲያወጣ ያዩታል፤ በሳህኑ ሥር ቢጫ ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ የዱባው ገጽም ያብለጨልጫል፣ ሲነኩትም ጠበቅ ይላል። ለእርጥብ ዱባ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። የወጣውን ፈሳሽ እንዳይደፉት፤ የምግቡ መረቅ የሚጀምረው ከእርሱ ነው።

ድስቱ ሰፊና አጭር ይሁን፤ ዱባው በአንድ ረድፍ ብቻ፣ ቅርፊቱ ወደታች ሆኖ፣ ሳይደራረብ መቀመጥ አለበት። ፈሳሹንም ጨምረው ውሃው የቁራጩን ግማሽ ቁመት እስኪደርስ ብቻ ይሙሉት። መጀመሪያ ጠንከር ባለ እሳት አፍልተው ወዲያው እሳቱን ይቀንሱ፤ ከዚያም ከድስቱ አፍ የሚያንስ መክደኛ ወይም በክብ የተቆረጠ ፎይል በቀጥታ ዱባው ላይ ያሳርፉበት። ጃፓኖች ለዚህ ኦቶሺቡታ የሚሉት የእንጨት ክዳን አላቸው። ጥቂቱ መረቅ ሲንተከተክ ክዳኑን እየነካ ተመልሶ በዱባው ላይ ስለሚፈስ ከላይ ያለውም ገጽ ጣዕም ያገኛል፤ ቁርጥራጮቹም በፈላው ውሃ አይንገላቱም። ስንጥር ወግተው ግማሽ ድረስ ሲገባልዎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል ሶያ ሶስ ዙሪያውን ያፍስሱ። ስኳር ወደ አትክልት ውስጥ የሚገባው በዝግታ ሲሆን ጨው ግን በፍጥነት ይገባል፤ ሶያ ሶሱ ቀድሞ ከገባ ጣፋጩ ውጭ ይቀራል፤ ቅደም ተከተሉ የተጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው። ስንጥሩ ያለ ችግር ሲያልፍ እሳቱን ያጥፉ።

ከዚህ በኋላ ሳይነኩት ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይተዉት። እባክዎን ይህን እንደ ትርፍ ነገር አይቁጠሩት፤ ጣዕሙ እስከ ውስጥ የሚዘልቀው በብዛት ዱባው ሲቀዘቅዝ ነው። ወጥ ስንሠራ እጃችን ከማማሰያው አይለይም፤ እዚህ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማማሰያ አይገባበትም። መረቁን ከላይ ማዳረስ ከፈለጉ ድስቱን ዘንበል አድርገው በማንኪያ እየጨለፉ ያፍስሱበት።

በመጨረሻ ስለ ሰዓቱ። የጃፓን መጻሕፍት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይላሉ። ባሕር ዳር ግን ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በመሆኑም አትክልቱ ለመለስለስ ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። ዘገየ ብለው እሳቱን ቢያነሡት ውሃው ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም፤ ሰዓት ከማየት ስንጥሩን ይመኑ።

የምግብ ሳይንስ መምህር፦

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ በጣም የተሟላ ስለሆነ እኔ በመረቁ ጉዳይ ላይ ብቻ እጨምራለሁ።

የተለመደው ዳሺ የሚወጣው ኮንቡ ከሚባል የደረቀ የባሕር ቅጠልና ካትሱኦቡሺ ከሚባል በጭስ ደርቆ እንደ ስስ ልጣጭ ከተላገ ዓሣ ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. የቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ ለኮንቡ ጣዕም ምክንያቱ ግሉታሜት የተባለ ንጥረ ነገር መሆኑን ለይተው ጣዕሙን ኡማሚ ብለው ሰየሙት፤ በ1913 ደግሞ ሺንታሮ ኮዳማ በደረቀው ዓሣ ውስጥ ያለውን ኢኖሲኔት፣ በ1957 አኪራ ኩኒናካ እንጉዳይ ውስጥ ያለውን ጓኒሌት ለዩ። ግሉታሜት ከሌሎቹ ከአንዱ ጋር ሲገናኝ ጣዕሙ ከሁለቱ ድምር እጅግ በልጦ ይሰማል፤ ባሕር ቅጠልና ዓሣ አንድ ላይ የሚዘፈዘፉት ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ዓሣው የማይተካ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። በጃፓን የቡድሃ ገዳማት ሾጂን ሪዮሪ የሚባል፣ ሥጋም ዓሣም የማይገባበት የምግብ ሥርዓት አለ፤ መነኮሳቱ መረቃቸውን የሚያወጡት ከኮንቡና ሺታኬ ከተባለ የደረቀ እንጉዳይ ነው። ስለዚህ የዱባው ማባያ ያለ ዓሣ ሲሠራ የጎደለ አይሆንም፤ እንዲያውም ከራሱ ከአገሩ የጾም ማዕድ የመጣ አሠራር ነው።

በባሕር ዳር ኮንቡም ሺታኬም ፍለጋ መድከም አያስፈልግዎትም። በቤት ውስጥ የሚመረተውን ነጭ እንጉዳይ ካገኙ በቀጭኑ ሰንጥቀው በታኅሣሥ ፀሐይ በደንብ ያድርቁት፤ ከዚያም ጥቂቱን ማታ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈው ጠዋት ውሃውን አጥልለው ይጠቀሙበት። ካላገኙ ደግሞ ንጹሕ ውሃ ይበቃል፤ ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። ሶያ ሶስ ራሱ በመብላላት የሚሠራ ስለሆነ ግሉታሜት ሞልቶታል፣ ዱባውም የራሱ ጣፋጭነት አለው፤ በጃፓንም ዱባን በውሃ ብቻ የሚያበስሉ ብዙ ቤቶች አሉ።

ሁለት ማሳሰቢያ ልስጥ። ከውጭ የሚመጣ የዳሺ ዱቄት ቢሰጥዎ አብዛኛው ዓሣ ስላለበት ለአማትዎ አያቅርቡት። የሾርባ ኩብም አይጠቀሙ፤ አንዳንዱ ከእንስሳት የተገኘ ነገር ሊኖርበት ይችላል፣ የጾም ቢሆን እንኳን የቅመሙ ሽታ ዱባውን ይሸፍነዋል። ሶያ ሶሱ ከሶያ፣ ከስንዴ፣ ከጨውና ከውሃ የሚሠራ በመሆኑ ለጾም ችግር የለበትም፤ ብቻ ጽሑፉን አንብበው ቀለም ያልበዛበትን ይምረጡ፤ ጥቁርና ወፍራም የሆነው ዓይነት ዱባውን ያጠቁረዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ ሁለት ግራም ተኩል ያህል ጨው ስላለው፣ በቤትዎ የደም ግፊት ያለበት ሰው ካለ መረቁን ሳያበዙ ዱባውን ብቻ ማቅረብ ይሻላል።

የዘጌዋ እናት፦

ልጆቼ፣ ምግቡን ልጄ ከዚህ አንብባልኝ ሞከርኩት፤ ስለ መጠጡና ስለ ድስቱ የምለው አለኝ።

ሚሪኑ ጣፋጭ ከሆነና አልኮሉ እሳት ላይ የሚተን ከሆነ፣ የእኛ ብርዝ ይተካዋል። ጥሩ ማር አንድ ማንኪያ በሁለት ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠሽ ከሶያ ሶሱ ጋር ማፍሰስ ነው፤ ዱባው ላይ ያብረቀርቃል፣ ሽታውም ደስ ይላል። ማሩን ስትጨምሪ ግን መጀመሪያ ከሚነሰነሰው ስኳር ግማሹን ቀንሺ፤ አለበለዚያ ማባያነቱ ቀርቶ ጣፋጭ ይሆንብሻል። ጠጅ ጨምሪ የሚልሽ ቢኖር አትስሚው፤ ጌሾው ለመጠጥ ነው እንጂ ለድስት አይሆንም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ምሬቱ ሥር ይቀራል።

ድስቱን በተመለከተ፣ ሽሮና ወጥ የሚሠራበትን የሸክላ ድስት አታቅርቢው። ሸክላ የበርበሬና የቁሌት ሽታ ስለሚይዝ እሳት ሲነካው ያወጣዋል፤ ይህ ዱባ ደግሞ ምንም የሚሸፍንለት ቅመም የለውም። አዲስ ሸክላ ከሆነም ከእሳት ከወረደ በኋላ መንተክተኩን ስለሚቀጥል ስንጥሩ ሙሉ በሙሉ ሳያልፍ ቀደም ብለሽ ማውረድ አለብሽ። የብረት ወይም የአሉሚኒየም ሰፋ ያለ ድስት ይሻላል።

ፎይል ስለተባለው ክዳን ደግሞ፣ ለድፎ ዳቦ የምናነጥፈው የኮባ ቅጠል እያለ ለምን ፎይል ትገዢያለሽ? ቅጠሉን እሳት ላይ ለብ ለብ አድርገሽ ስታጠወልጊው ይታጠፋል፣ ጥሬ ሽታውም ይጠፋል፤ ከዚያ በድስቱ ልክ ክብ ቁረጪው፣ መካከሉን እንፋሎት እንዲወጣበት በጣት ያህል ብሺው፣ ለስላሳውን ፊት ወደታች አድርገሽ ዱባው ላይ አልብሺው። መረቁ ሲንተከተክ ቅጠሉን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው ታያለሽ፤ በጣም ከፍ ካለ እሳቱ በዝቷል ማለት ነው።

ከሆካይዶ የተመለሰ፦

እናታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የኮባው ቅጠል ከፎይል በብዙ ይበልጣል፣ ፎይል ቀላል ስለሆነ በእንፋሎት ይነሣል። በብርዙም እስማማለሁ፤ ከጃፓኑ ቅደም ተከተል ጋር የሚጣረስ መስሎ የሚታየው ማሩ ከሶያ ሶሱ ጋር መግባቱ ነው፤ ነገር ግን ሚሪንም ለማብረቅረቅ ሲባል ወደ መጨረሻ ላይ ስለሚጨመር ያስኬዳል፤ መጀመሪያ የሚነሰነሰው ስኳር ፈጽሞ እንዳይቀር ብቻ ነው።

ቅመም ወዳጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ቢገባበት፣ ወይም በመጨረሻ ቃሪያ ቢሰነጠቅበት ጣዕሙን አያሻሽለውም? ለእኛ ምላስ ትንሽ ባዶ እንዳይሆን ሰጋሁ።

ከሆካይዶ የተመለሰ፦

ወንድሜ፣ ዝንጅብል በስሱ ተሰንጥቆ በመጨረሻ ጥቂት ቢበተንበት ደስ ይላል። ነጭ ሽንኩርት ግን ይቅርብዎ፤ መምህሩ ባነሡት በገዳማቱ ሥርዓት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገቡም፤ ከሥርዓቱ ውጭም ቢሆን ነጭ ሽንኩርት በገባበት ድስት ውስጥ የዱባውን ጣዕም መለየት አይቻልም። ምላስ ባዶ እንዳይሰማው የሚያደርገው አጠገቡ የሚቀርበው ነገር ነው። ይህ ማባያ ብቻውን ሆድ እንዲሞላ አልታሰበም፤ ለአንድ ሰው ሦስት አራት ቁራጭ በትንሽ ሳህን ይቀርባል፣ ከጎኑ ያልተቀመመ ነጭ ሩዝ ይኖራል። የፎገራ ሩዝ ውሃው ሙሉ በሙሉ እስኪመጠጥ ያለ ዘይት ቢበስል በጣም ይስማማዋል፤ ቃሪያዎን ከሌላው የጾም ወጥ ጋር ይዘውት ይቅረቡ።

የሽምብጥ ነዋሪ፦

ሁላችሁም እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ከጠየቅሁት በላይ ነው ያገኘሁት። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አማቴ ቅዳሴ አስቀድሰው የሚቀምሱት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፤ እኔ ግን ምግቡን መሥራት የምችለው ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ነው። በዚያ ላይ ቤታችን ሰው ስለሚበዛ ቢያንስ ሁለት ኪሎ ዱባ ያስፈልገኛል። መጠኑን ሁሉንም በአራት ባባዛውና ቀድሜ ሠርቼ ባስቀምጠው ይበላሽብኝ ይሆን?

ከሆካይዶ የተመለሰ፦

ሰዓቱ እንዲያውም ለምግቡ የተስማማ ነው። ጠዋት ተሠርቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በመረቁ ውስጥ የቆየ ዱባ ወዲያው ከሚበላው ይጣፍጣል፤ በጃፓንም ብዙዎች ቀድመው ሠርተው ቀዝቀዝ እንዳለ ይበሉታል። ቀዝቀዝ ሲል ተከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተቀመጠ ለዚያን ቀን ምንም አይሆንም። ማሞቅ ከፈለጉ ድስቱን ለስለስ ባለ እሳት ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ያቆዩት፤ ዳግም መፍላት የለበትም። የተረፈው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከነመረቁ ሁለት ቀን ይቆያል።

ሁለት ኪሎውን ግን በአንድ ድስት አይሞክሩት። ዱባው ከተደራረበ የታችኛው ፈርሶ የላይኛው ሳይበስል ይቀራል፤ በሁለት ሰፋፊ ድስት ከፍለው ይሥሩት። ዱባው፣ ስኳሩና ሶያ ሶሱ በአራት ይባዙ፤ ውሃውን ግን በቁጥር አያባዙት። በየድስቱ ከዱባው የወጣውን ፈሳሽ አፍስሰው ከቁራጩ ግማሽ ቁመት የጎደለውን ብቻ ይሙሉ። ሶያ ሶሱንም መጀመሪያ ሦስት አራተኛውን ጨምረው ከቀመሱ በኋላ ቀሪውን መወሰን ይሻላል፤ ድስቱ ሲሰፋ የሚተነው ውሃ ስለሚበዛ ጨውነቱ ከታሰበው ሊያልፍ ይችላል።

ሰው ስለሚበዛ ሌላም አማራጭ ልንገርዎ። በዚያው በረጅሙ ሌሊት ዕለት ዱባውን አዙኪ ከሚባል ትንሽ ቀይ ባቄላ ጋር አብረው የሚያበስሉት ኢቶኮኒ የሚባል አሠራር አለ፤ ለብዙ ሰው የሚበቃና ጠገብ የሚያደርግ ነው። በአዙኪው ፋንታ ቀይ አደንጓሬ ይውሰዱ፤ ማታ ዘፍዝፈው፣ ጠዋት የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍተው በአዲስ ውሃ በደንብ አፍልተው ፈጽሞ እስኪለሰልስ ለብቻው ይቀቅሉት። ዱባው ላይ የሚጨመረው ስንጥሩ ግማሽ ድረስ ሲገባ፣ ከሶያ ሶሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ከዱባው ጋር አብሮ ጥሬውን ካስገቡት አደንጓሬው ሳይበስል ዱባው ያልቃል።